ኪሎ ሜትር ስንጨምር ኪሎ ለምን ጨመርን?



ብዙ ወጣት ሩጫ የሚጀምረው «ብዙ ከሮጥኩ ብዙ እቀንሳለሁ» የሚል ሒሳብ ይዞ ነው። አንድ ወር ለፍቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ጨምሮ ያገኘዋል። ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመውም ያኔ ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እዚያ ደረጃ ላይ ላላችሁ ነው።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አስፋልቱ ላይ መኪና ሳይበዛ እንሮጣለን። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር እንዘጋጅ ብለን በሳምንት ከ12 ኪሎ ሜትር ተነስተን በሁለት ወር ውስጥ ወደ 30 ደረስን። ከመካከላችን አንዱ ግን የሚሮጠው ለሜዳሊያ አልነበረም። አባቱ በስኳር በሽታ ሲሰቃዩ እያየ ነው ያደገው። እሱም ጤና ጣቢያ ሲመረመር «ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፤ ኪሎ ቀንስ» ተብሏል። በስድስተኛው ሳምንት መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ልጅ ጋ ተመዘነ። 2 ኪሎ ጨምሯል። «በቃ፣ የዘር ነገር ነው። የአባቴ ዕጣ ለእኔም ተጽፏል» አለን። ከኪሎው ይልቅ ይህ ንግግሩ አስደነገጠን።

ነገሩን ስናጣራ መጀመሪያ ያገኘነው ውሃ ነው። ጡንቻና ጉበት ከምግብ ያገኙትን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣሉ። ሩጫ ሲበዛ ጡንቻችን ለነገው ጉዞ የበለጠ ስንቅ መያዝ ይለምዳል። 1 ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጥ። ስለዚህ 200 ግራም ስንቅ ከጨመርን ሚዛኑ ላይ ወደ 800 ግራም ይታያል ማለት ነው። በዚህ ላይ ያልለመደ ጡንቻ ሲደክም በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ እስኪጠገን ድረስም ፈሳሽ ይይዛል። የደማችን ፈሳሽ ክፍልም ከልምምዱ ጋር ይጨምራል። ይህ ሁሉ ኪሎ ነው፤ ስብ ግን አይደለም።

«ጡንቻ አውጥቼ ነው» የሚለው ማጽናኛ ግን ብዙም አያስኬድም። በሩጫ ብቻ በአንድ ወር 2 ኪሎ ጡንቻ የሚያወጣ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ቁርስ ቤቱ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በግምት 350 ካሎሪ ያቃጥላል። አሁን የእኛን ጠረጴዛ እዩት። ፈጢራው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከጠጣ ዘይቱ ብቻውን 240 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት ወደ 140 ይጠጋል። ዱቄቱንና እንቁላሉን ሳንቆጥር ሩጫው አለቀ! ሩጫ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፤ «ዛሬማ ሮጫለሁ» የሚለው ስሜትም እጅን ያረዝማል።

ሦስተኛው ከሩጫ በኋላ ያለው ቀን ነው። ድሮ በእግር የምንሄድበትን መንገድ ደክሞናል ብለን በታክሲ እንሄዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ተጋድመን ስልክ እንነካካለን። ጠዋት ያወጣነውን ቀኑን ሙሉ በመቀመጥ መልሰን እናስገባለን። ማታ አምሽቶ ጎህ ሲቀድ የሚነሳ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ስለሚያጥረው በነጋታው ረሃቡ ይብሳል።

ለጓደኛችን ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን ሌላ እውቀት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ከሩጫ በኋላም ለአንድ ቀን ያህል፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን፣ ሰውነት ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። ይህ ጥቅም ሚዛኑ እስኪቀንስ አይጠብቅም። የዘር ነገር ሸክሙን ሊያከብደው ይችላል፤ መንገዱን ግን አይዘጋውም።

ከዚያ በኋላ የሩጫውን ርቀት ለሁለት ሳምንት ሳንጨምር ባለበት አቆየነው። ሻያችንን በአንድ ማንኪያ ስኳር አደረግን፤ ፈጢራው በሳምንት አንድ ቀን ሆነ፤ በሌላው ቀን ፉል በዳቦ ወይም እንቁላል በላን። ቁርስ መዝለልን ግን አልመረጥንም፤ ባዶ ሆድ የዋለ ሰው ማታ ላይ ራሱን መግዛት ይከብደዋል። መንገድ ዳር በጫማና በጃኬት መመዘንም ቀረ። በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከመብላት በፊት፣ በቀላል ልብስ እየተመዘንን የሳምንቱን አማካይ እናያለን። ወገባችንንም በልብስ ሰፊ ሜትር እንለካለን።

በአራተኛው ወር ጓደኛችን ከተነሳበት ኪሎ የቀነሰው 1 ኪሎ ብቻ ነበር። ወገቡ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ጠቧል፤ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩም ወርዷል። ውጤቱን ለአባቱ ሲያሳያቸው «እኔንም በእግር ይዘኸኝ ውጣ» አሉት። ሐኪማቸውን አማክረው አሁን ዐስር ከተሰገደ በኋላ አብረው ይራመዳሉ።

ሁሉም ጭማሪ ግን በሩጫ አይመካኝም። በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ኪሎ ከጨመራችሁ፣ እግራችሁ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ወይም ያልተለመደ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እህቶቻችን ከወር አበባ በፊት ኪሎ መጨመሩ የተለመደ ነው። ሩጫ አብዝታችሁ፣ ምግብ ቀንሳችሁ የወር አበባችሁ ከቀረ ግን በዝምታ አትለፉት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል።

እናንተስ ምን አጋጠማችሁ? ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን። ሰሞኑን «ለእኔ አይሆንም» ያለ ጓደኛ ካላችሁም ይህን ላኩለት፤ ከተቻለ ደግሞ ነገ ጠዋት በሩን አንኳኩታችሁ አብራችሁት ውጡ።