ቀኑን የሚረሳ ኮምፒዩተር

ማታ በደህና ተዘግቶ ያደረ ኮምፒዩተር ጠዋት ሲበራ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነው ብሎ ይነሳል። ሌላው ደግሞ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ወደተጻፈበት ዓመት ይመለሳል። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ሰዓቱ እንዳልተሞላ የሚያስታውቅ አንድ መስመር ጽሑፍ ይወጣል፤ ባለቤቱ ግን ሳያነበው ኤፍ 1ን ተጭኖ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የሚያማርረው ሰዓቱን ሳይሆን ኢንተርኔቱን ነው። የባንኩ ገጽ አልከፈት፣ ኢሜይሉ አልገባ ይለዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት ሰርተፊኬት አላቸው፤ በላዩም መጽናት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። ዓመቱን 2000 ነው ብሎ የያዘ ኮምፒዩተር ሰርተፊኬቱ ገና ያልጸና ይሆንበታልና አልቀበልም ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ራውተሩን ይለውጣል፤ ቫይረስ ነው ሲባል ያምናል፤ በመጨረሻም ማሽኑን ፎርማት ያስደርጋል። የስንት ዓመት ፎቶና ደብዳቤ በዚህ ሰበብ ሲጠፋ ያንገበግበኛል። የሚያሳዝነው ደግሞ ፎርማቱ ምንም አለመፍታቱ ነው፤ ችግሩ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካችው ክብ ባትሪ ዘንድ ነውና።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች። ቁጥሩ ራሱ ልኳን ይናገራል፤ ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ኃይሏም 3 ቮልት። በአውሮፓውያን 1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም፤ ዶስ በተነሳ ቁጥር ቀኑን ከሰው ይጠይቅ ነበር። በ1984 የመጣው ኤቲ የተሰኘው ሞዴል ግን ማሽኑ ጠፍቶም በባትሪ ሰዓት የሚቆጥር የሞቶሮላ ቺፕ ይዞ ወጣ። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። አንዲት ትንሽ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ልክ አንድ ይመጣል። ሰከንዱ የሚቆጠረው በዚህ መንገድ ነው። ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

እኛ ዘንድ ባትሪዋ የምትደክምበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከቢሮ ሲወጣ ስታቢላይዘሩን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል የተለመደ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስንቱን ዕቃ እንዳቃጠለ ያየ ሰው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ግን ቢጠፋም ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ያገኛል፤ ሰዓቱም በዚያ ይሠራል። ከተነቀለ ሌሊቱን ሙሉ ሸክሙ የባትሪዋ ነው። እኔ መንቀሉን ተዉ አልልም። ባትሪዋ አላቂ ዕቃ መሆኗ ብቻ ይታወቅ።

ሰዓት የተሳሳተበት ሁሉ ግን ባትሪ አይለውጥ፤ የስህተቱን መጠን ማየት ይገባል። ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ባትሪዋ የለችበትም። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ሊኑክስና ዊንዶውስ አብረው በተጫኑበት ማሽን ላይ አንዱ በዓለም አቀፉ፣ ሌላው በአገሩ ሰዓት ሲቆጥር ይህ ይፈጠራል። ስህተቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰዓቱን ያስተካከለ ሰው 9 በማለት ፈንታ 3 ብሎ ሞልቶታል ማለት ነው። እየሠራ ሳለ ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓትም ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ሶኬት ተነቅሎ ባደረ ማግስት ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ግን በመጀመሪያ የምትጠረጠረው ባትሪዋ ናት። በቴስተር ስትለካ ከ2.7 ቮልት በታች ከሆነች እኔ አልጠብቅም፣ እለውጣለሁ። አዲስ ገብታም ከረሳ፣ የያዛት ብረት መላላቱንና ባዮሱን የሚያጸዳው ጃምፐር ያለቦታው መግባቱን ማየት ነው።

ከመለወጥዎ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ባትሪዋ ስትወጣ የዲስኩ አሠራር የተሞላበት ቦታም ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ጤነኛውን ሃርድ ዲስክ ሞቷል ብለው የሚጥሉ አሉ። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ይክተቷት፣ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሙሉ።

አሮጌዋን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ሕፃን ውጦ ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች፤ አለቀች የተባለችውም ብትሆን ለዚህ የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። በፕላስተር ጠቅልለው ልጅ ከማይደርስበት ያኑሩ፤ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ያድርሱት።