የእናታችን ሣጥን በምናለሽ ተራ

ጉዞ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን ሐረር ወይም ነጃሺ ነው። የዛሬው ጉዟችን ግን በታክሲ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ የተደረገ ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም. ሲሆን የሄድነውም ለጉብኝት ሳይሆን የጠፋብንን ደብተር ፍለጋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወደ አኼራ ከሄደች ገና ወር አልሞላትም። ቤቱ የኪራይ ስለነበረ ወሩ ሳያልቅ ባዶ አድርገን ማስረከብ ነበረብን። የአርባ ዓመት ዕቃ በሁለት ቀን ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ልብሷን ለሚለብሱት ዘመዶች ሰጠን፤ ጅዳ ያለችውን እህታችንንም በስልክ አስፈቀድን። (የሟች ንብረት የወራሾች ሁሉ ነውና ለሶደቃም ቢሆን ያለ ፈቃዳቸው አይነካም። በሐዘን ሰሞን ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው።) በጥንቃቄ የሠራነው ይህንኑ ብቻ ነው። የቀረውን በችኮላ ተገላገልነው። የዛገውን ምድጃ፣ የቆርቆሮውን ቁርጥራጭ፣ የብረት ሣጥኑን ከነወረቀቱ በራችን ላይ «ቆራሌው!» እያለ ለሚጮኸው ወጣት በጅምላ ሸጥን። የምግብ ትራፊውን፣ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ፣ የእናታችንን የስኳር መርፌዎች ሳይቀር በሦስት ማዳበሪያ ጠቅጥቀን ቤት ለቤት ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ሴቶች አስረከብን። ቤቱ ጸዳ፤ እኛም እፎይ አልን።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መጡና፣

«ልጆቼ፣ ያቺን ደብተር አገኛችኋት?» አሉን።

«የትኛዋን ደብተር፣ እማማ?»

«የሰው ዕዳዋን የምትጽፍባትን ነዋ! ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ነበር የምታኖራት።»

እርስ በርሳችን ተያየን። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት እንደሚከፈል ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። እኛ ግን ማን ምን እንደሚደርሰው መነጋገር ጀምረን ነበር። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይናችን አልዞረም።

በማግስቱ ቆራሌውን ከሰፈራችን አፋፍ ላይ ጠብቀን አገኘነው። ሣጥኑን በዚያው ዕለት ምናለሽ ተራ እንደሸጠው ነገረን፤ የገዛውን ሰው ሊያሳየንም ተስማማ። በአንዋር መስጊድ ዙህርን ሰግደን በእግራችን ገባን።

መርካቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ያሰፈረበት ቦታ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምናለሽ ተራ ግን ከሌላው መርካቶ ይለያል። ገና ከመግባታችሁ የሚቀበላችሁ ድምፅ ነው፤ መዶሻ በብረት ላይ፣ ብረት በድንጋይ ላይ። ተነጋግሮ ለመሰማማት ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ያስፈልጋል። እዚህ የዘይት በርሜል ተቀድዶ ላሜራ ይሆናል፤ ላሜራው ታጥፎ የከሰል ማንደጃ ይሆናል። ከጣሪያ የወረደ ቆርቆሮ ሚስማሩ እየተነቀለ ይቃናል፤ ሚስማሩም ለብቻው ይቃናል! ካረጀ የመኪና ጎማ ጫማ ይቆረጣል። ጠርሙሱ በመጠኑ፣ ጄሪካኑ በቀለሙ ተደርድሯል። እኛ «ቆሻሻ» ብለን ከደጃፋችን የገፋነው ሁሉ እዚህ ስምና ዋጋ አለው። በበኩላችን ይህን ያህል ሰው በኛ ትራፊ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር አስበን አናውቅም ነበር።

ወጣቱ መንገድ እየመራን ስለ ሥራው አጫወተን። መዳብ ከብረት፣ አልሙኒየም ከቆርቆሮ ተለይቶ ይሸጣል። ካርቶን ወጥ ከነካው የሚገዛው የለም። «ጋሼ፣ እናንተ እኮ ደረቁን ከእርጥቡ ብትለዩልን ለኛ ግማሽ ቀን ነው» አለን። የሃይላንድ ጠርሙስም ውስጡ ተደፍቶ ቢሰጣቸው ሸክሙ ይቀልላል። ይህን ሲናገር እጁን አየነው፤ መዳፉ ላይ የተሸበሸበ ጠባሳ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መርፌ ነው። ቆሼ ስሠራ።»

ቆሼ፣ ረጲ ያለው የከተማችን ቆሻሻ መጣያ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቆለለበት ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአገር ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ወጣቱ በዚያ ቆሻሻ እየለየ ይኖር እንደነበር፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን እግሩ እሺ እንዳላለው ነገረን። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ጣቢያው ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ማዳበሪያውን የሚሸከም ጀርባ፣ የሚፈታ እጅ አለ።

እኛ ዝም አልን። የእናታችን መርፌዎች ትዝ አሉን። መርፌ በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ተከቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ ወደ ጤና ተቋም መመለስ እንዳለበት ነርሷ ነግራን ነበር። ጆሯችን ሰምቷል፤ እጃችን ግን ቸኮለ።

ነጋዴው ሽማግሌ ናቸው። ሣጥኑን ስንነግራቸው ጣታቸውን ወደ አንድ ጥግ ቀሰሩ። ክዳኑ ተቆርጦ የማንደጃ ወገብ ሆኗል፤ በእናታችን እጅ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም ገና አለቀቀም። ልባችን ወደቀ።

«ወረቀት ነበረበት?» አሉን።

«አዎ አባባ፣ ትንሽ ደብተር።»

ተነሥተው ከግድግዳው ላይ ከፍ ብላ የተሰቀለች ማዳበሪያ አወረዱ። በየሣጥኑና በየመሳቢያው የሚገኘውን የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት እግር እንዳይረግጠው እዚያ ያኖራሉ፤ ሲሞላ በክብር ያስወግዱታል። ከመካከሉ ደብተራችንን አወጡ። እናታችን በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ቢስሚላህን በተንቀጠቀጠ እጇ በዐረብኛ ጽፋበት ነበር። ደብተሩን ያተረፈው ይኸው ነው። ዋጋ ብንጠይቃቸው ተቆጡን።

አራት ስሞች ነበሩባት። የወተቷ ሴትዮ፣ የልብስ ሰፊው፣ የዕቁብ ጓደኛዋ፣ አንድ ባለ ሱቅ። በዚያው ዕለት ከዐስር በፊት የወተቷን ሴትዮ በር አንኳኳን፤ አራቱም በሳምንቱ ተከፈሉ፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ሦስቱ ማዳበሪያዎች ግን ገንዳው ከተነሣ ቆይቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰብሳቢዎቹ ሴቶች ሲመጡ ደረቁን ከእርጥቡ ለይተን፣ ብርጭቆውን በካርቶን ጠቅልለን ጠበቅናቸው። ማዳበሪያውን የተቀበለችን ልጅ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን እንደወጋት ጠየቅናት።

«ኧረ ተዉት፣ የተለመደ ነው» አለችና ጋሪዋን ገፋች።