«አዎን፣ እንዳልኩህ አድርግ!»

ይህች አጭር ጽሑፍ ግለ ሂስ ናት።

እዚህ እንጦጦ በምንሠለጥንበት ክፍል ውስጥ ኡቡንቱ የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። የሰባት ጓደኞቼ የትምህርት ዕቅድ ያለው እሱ ላይ ነው። ኡቡንቱ በደቢያን ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱም አፕት የሚባል ፕሮግራም አላቸው። አፕትን እንደ ንብረት ክፍል ኃላፊ ቁጠሩት። የምንፈልገውን ፕሮግራም ከነተጓዳኞቹ ከኢንተርኔት ያስመጣል። ተሸክሞ የሚያስገባው ግን ዲፒኬጂ የተባለው ሠራተኛ ነው።

አንድ ቀን አፕትን ፕሮግራም አምጣ ብለው «አልተገኘም» አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። እንግዲያው ተበላሽቷል፣ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው አልኩ። ኮምፒዩተሩ አስጠነቀቀኝ። ከልብህ ከሆነ «አዎን፣ እንዳልኩህ አድርግ!» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሙሉውን ጻፍ አለ። እኔም ፊደል ሳልስት ጻፍኩለት!

አፕት ሄደ። መልሼ ልጫነው ብል ማን ያምጣው? አምጪው እሱ ራሱ ነበራ! አንዱ ጓደኛችን «ዲስኩን አጽዳውና እንደ አዲስ ጫን» አለ። የሰባቱ ሰዎች ድካምስ? እምቢ አልኩ።

ቁልቁል ሽሮ ሜዳ ወርጄ የአፕትን ፋይል በፍላሽ አመጣሁ። ለካስ የአዲስ እትም ኖሯል። ዲፒኬጂ የጎደለውን ዘርዝሮ መለሰኝ። በማግስቱ እንደገና ወርጄ የዚያኑ እትም ፋይል አመጣሁና ተጫነ። ደስ ብሎኝ ባዘው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አልተገኘም»!

ያን ጊዜ ነው መልእክቱን ረጋ ብዬ ያነበብኩት። የኡቡንቱ እትም የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልፍ ፋይሎቹ ለአሮጌ እትሞች ወደተለየ ማከማቻ ይዛወራሉ። የእኛ ኮምፒዩተር መዝገብ ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነበር። አፕትን ባነሳውም መዝገቡ አልተነሳም። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ ጥፋቱም ከመዝገቡ ተመልሶ በቀለ። አድራሻውን ባርመው በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ሠራ። አፕት ለካ ምንም አልሆነም ነበር።

እጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ ተማሪያችን ሒሳብ ሲሳሳት «ይህ ልጅ አይገባውም፣ ከሀ ይጀምር» ከማለታችን በፊት ደብተሩን ገልጠን የሳተባትን አንዷን መስመር እንፈልግ። እኔ ይህን የተማርኩት ሽሮ ሜዳ ሁለት ጊዜ ወርጄ፣ ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጥቼ ነው።