ሳይቃጠል በቅጠል

ሰው ዕቃ ሲገዛ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ የወደፊት ቃል ሲገዛ ግን በእጁ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ በባሕር ዳር ከተማ ለብዙ ዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ከዕለት ገቢው እየቆጠበ፣ ዕቁብ እየጣለ፣ በመጨረሻም ከእኔና ከእኅታችን ጥቂት ተበድሮ አዲስ መኪና ለመግዛት በቃ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፣ እርሱም የመረጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ነበር። ዋጋውን ሊከፍል አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ ሻጩ አንድ ተጨማሪ ውል አቀረበለት። መኪናው የሦስት ዓመት ዋስትና አለው፤ ገንዘብ ከጨመረ ግን ዋስትናው ለሁለት ዓመት ይራዘምለታል። የተጠየቀው ገንዘብ ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን ሁሉ የሚጠርግ ነበር። ስለዚህ የዐሥር ቀን ቀጠሮ ተቀብሎ፣ የውሉን ቅጂ ይዞ ተመለሰ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ተመካከርን። እኔ ያለ ማመንታት፣ “ግዛ እንጂ! ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መኪናው ቢቆም ልጆችህ ምን ይበላሉ?” አልሁት። እርሱም ወረቀቱን እያገላበጠ፣ “እውነት ነው፣ ጋሼ፤ ነገር ግን እሳቱ ባሕር ዳር፣ ቅጠሉ አዲስ አበባ ከሆነስ?” ሲል መለሰልኝ።

የነገሩ ፍሬ የገባኝ ውሉን አንድ በአንድ ካነበብሁ በኋላ ነው። ዋስትናው የሚጸናው መኪናው በየጊዜው በሻጩ ጋራዥ ሲመረመር ብቻ ነው፤ ጋራዡ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር እስከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም የዓባይን በረሓ ወርዶ መውጣት አለ። የወንድሜ መኪና ባትሪው አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይህን ሁሉ መንገድ አይዘልቅም። ተበላሽቶ ቢቆም የማስጫኛውን ኪራይ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ሥራ የሚፈታባቸውን ቀኖች የሚክስለትም የለም። ጎማና የፍሬን ሸራን የመሳሰሉ በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁ ነገሮች በውሉ አይሸፈኑም። የግጭት ጉዳትም የኢንሹራንስ እንጂ የዚህ ውል ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ባትሪው ነበር፤ ለእርሱ ግን በመጀመሪያው ውል የስምንት ዓመት ዋስትና ተሰጥቶታል። ይህም በብዙ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች ዘንድ የተለመደ ነው።

በተጨማሪም ሕግ ያለ ክፍያ የሰጠውን መብት አስታወስሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሚሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

ሆኖም ሥጋቴ ፈጽሞ አልጠፋም። “በአራተኛው ዓመት አንድ ውድ ዕቃ ቢቃጠልብህስ?” ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሜ ጥቂት ዝም አለ። ከፊታችን አንድ ባለ ታንኳ የደንገል ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ለፀሐይ ያቆም ነበር። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ማድረቅ ያስፈልጋል። ወንድሜ ወደዚያ እያመለከተ፣ “ይህ ሰው የጽሑፍ ዋስትና የለውም፤ ነገር ግን በየቀኑ ያደርቀዋል፤ ሲጎዳበትም ደንገሉና ባለሙያው ቅርቡ ናቸው። እኔም ገንዘቤን ከቅርቤ ላድርገው” አለኝ።

በማግሥቱ ለዋስትናው የተጠየቀውን ያህል ገንዘብ ለመኪናው ጥገና ብቻ በከፈተው የባንክ ሒሳብ አስገባ። ለባትሪው ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሄድ፣ ለሌላው ግን በባሕር ዳር የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ መካኒክ እንደሚፈልግ ወሰነ። ቀጠሮው ሲደርስም ተጨማሪውን ውል ሳይፈርም መኪናውን ተረከበ።

ውሳኔው ለሁሉ ሰው የሚስማማ ነው አልልም። መኖሪያው ከጋራዡ አጠገብ ቢሆን ወይም በእጁ ሌላ መጠባበቂያ ቢኖረው የእኔ ምክር ይሻል ነበር። አራተኛው ዓመትም ገና አልደረሰም፤ የተቀመጠው ገንዘብ ይበቃ ወይም ይጎድል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታያል። እኔ ግን ከዚያች እሑድ ወዲህ “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለውን ምሳሌ በተናገርሁ ቁጥር፣ ቅጠሉ የት እንዳለ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።