በራስ ቁር ውስጥ የተሰካች ጢንዚዛ

እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1809፣ በስፔን ምድር፣ አልካኚስ በተባለች ከተማ አቅራቢያ ሁለት ጦሮች ተፋጠው ቆመዋል። አንድ የፈረንሳይ ፈረሰኛ አዛዥ የማጥቃት ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል ዐይኑ በውኃ ዳር ከበቀለች አበባ ላይ ያርፋል። አበባይቱ ላይ ጢንዚዛ አለች። አዛዡ ከፈረሱ ይወርዳል፤ ጢንዚዛዋን ያነሣል፤ ለዚሁ ብሎ በራስ ቁሩ ውስጥ ካስለጠፈው ቡሽ ላይ በመርፌ ይሰካታል፤ ቁሩን መልሶ ይደፋል፤ ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ጦሩን እየመራ ወደ እሳቱ ይገባል። ውጊያው ሲያበቃ የራስ ቁሩ በመድፍ እርሳስ ተቦዳድሶ ተገኘ። ጢንዚዛዋ ግን ከቡሽዋ ላይ እንደተሰካች ደኅና ነበረች።

ሰውየው ፒዬር ፍራንሷ ማሪ ኦጉስት ደዣን ይባላል። (ስሙን በአማርኛ ፊደል በጻፍሁት ቁጥር እጄ «ደጀን» ወደሚለው ይሸሽብኛል። ደጀን በእኛ ቋንቋ ከጦር ኋላ የሚቆም ኃይል ነው፤ ይህ ሰው ግን ከፊት የሚሰለፍ ነበር።)

የጢንዚዛ አዋቂዎች ይህን ታሪክ ትውልድ ለትውልድ ሲቀባበሉት ኖረዋል። ሲተርኩትም አንዳንዶቹ መጨረሻው ላይ «ድልም አደረገ» ብለው ያሳርጉታል። አላደረገም። በዚያን ቀን የጄኔራል ሱሼ ጦር በስፔኑ ጄኔራል በሆአኪን ብሌክ ተመትቶ አፈግፍጓል። ተራኪዎቹ ድሉን ለምን እንደሚጨምሩበት ይገባኛል፤ ጢንዚዛ ለቅሞ ያሸነፈ ጀግና ነው፣ ጢንዚዛ ለቅሞ የተሸነፈ ግን መሳቂያ። እኔ ሽንፈቱ ያለበትን እመርጣለሁ። ከዚያ ቀን ደዣን ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር ያች ጢንዚዛ ናትና።

ደዣን በ1780 አሚየን በተባለችው የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱም ጄኔራል፣ ኋላም የናፖሌዎን የጦር አስተዳደር ሚኒስትር ነበሩ። ልጁ በአባቱ መንገድ ሄደ፤ በ1810 የብርጌድ፣ በ1814 የክፍለ ጦር ጄኔራል ሆነ፤ በዋተርሉም ከንጉሠ ነገሥቱ አጃቢ መኮንኖች አንዱ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ እንኳ ጢንዚዛ መልቀሙን አልተወም ይባላል። ሹመቱን በዚህ እንለፈው፤ ናፖሌዎን ጄኔራል አልቸገረውም። ይልቅ ደዣን የጢንዚዛዎቹን መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው በ1802፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሳለ መሆኑን እናስታውስ።

ስለ አልካኚሷ ጢንዚዛ ጥቂት ልበል። ሴብሪዮ ኡስቱላቱስ ትባላለች። «ኡስቱላቱስ» በላቲን እሳት የለበለበው ማለት ነው። የሴብሪዮ ወገኖች በትልነት ዘመናቸው ከአፈር በታች የዕፅዋት ሥር እየበሉ ዓመታት ይኖራሉ። ካደጉ በኋላም ክንፍ አውጥተው የሚበሩት ወንዶቹ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሲጥል ከመሬት ወጥተው፣ ጥቂት በርረው ይሞታሉ። ሴቶቹ ከጉድጓዳቸው እምብዛም አይርቁም። እንግዲህ እኛ በልማድ «እርሷ» እንበላት እንጂ፣ አበባ ላይ የተገኘችው ወንድ ሳትሆን አትቀርም። ዓመታት በጨለማ ኖሮ ለአጭር ጊዜ ብርሃን የወጣ ፍጥረት፣ በዚያች አጭር ጊዜ ከአንድ ኮሎኔል ዐይን ጋር ተጋጠመ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ደዣን በሥሩ ላሉት ወታደሮች አልኮል ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ያድላቸው፣ በየደረሱበትም ያገኙትን ነፍሳት እንዲያጠራቅሙለት ያደርግ ነበር። ወሬው በጠላት ሰፈር ጭምር ተሰማ። እንደሚተረከው፣ ባላጋራዎቹ ከሞተ ፈረንሳዊ ወታደር ላይ ብልቃጥ ሲያገኙ፣ ያሸነፈው ማንም ይሁን ማን፣ ብልቃጧን ለደዣን ይልኩለት ነበር። ይህ እየተሳቀ የሚነገር ወግ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ሳቄ ከጉሮሮዬ ተመለሰ።

ብልቃጧ ደረሰች። ወታደሩስ? ከብልቃጡ የወጣችው ፍጥረት ደርቃ፣ በመርፌ ላይ ቆማ፣ ስምና የትውልድ አገር ተጽፎላት በሣጥን ተቀመጠች። እርሷን ጎንበስ ብሎ ያነሣት የገበሬ ልጅ ስሙ በየትኛው መዝገብ ገባ? አማርኛችን እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት «ነፍሳት» ይላቸዋል፤ ነፍስ ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር አድርጎ። ወታደሩም ነፍስ፣ በብልቃጡ ያለችውም ነፍስ። ጄኔራሉ የትኞቹን ነፍሳት እንደቆጠረ እናውቃለን።

ይህን ስል ጨካኝ ነበር ማለቴ አይደለም። ጨካኝ ቢሆን ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። አንዲትን ጢንዚዛ ከሌላይቱ በእግሯ አንጓና በክንፏ ሽፋን መስመር ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ያን ያህል ማስተዋል ያለው ሰው፣ በዚያው ዐይን የፈረሰኛ ግጥሚያ ያዝ ነበር። ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ፣ በአንድ የራስ ቁር ሥር ያድሩ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ጥቃቅኑን ማየት ልብን ያራራል ብለው ያስተማሩንን መምህራን ይህ ሰው ያስጨንቃቸዋል።

ከዋተርሉ በኋላ የእርሱም ስም በመዝገብ ገባ። ጁላይ 24 ቀን 1815 የንጉሥ ሉዊ 18ኛ መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ከፓሪስ እንዲወጡ ከተዘረዘሩት 38 ሰዎች መካከል «ልጅየው ደዣን» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ቦሪ ደ ሳን ቬንሳን የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪም አለ። ቦሪ በአብዮቱ ዘመን ገና ብላቴና ሳለ፣ በቦርዶ ወህኒ ላትሬይ የተባለ ቄስ ታስሮ ነበር። ቄሱ ከክፍሉ ወለል ላይ ያገኛትን ብርቅ ጢንዚዛ ለወህኒው ሐኪም ያሳያል፤ ጢንዚዛዋ ከቦሪ እጅ ትደርሳለች፤ በዚህም ምክንያት ላትሬይ ይፈታል፤ በኋላም በዘመኑ ከነበሩት የነፍሳት ሊቃውንት ሁሉ የላቀ ሆነ። ስለዚህ በአንዲት ጢንዚዛ ምክንያት ሰው ያዳነውና በጦር ሜዳ ጢንዚዛ የለቀመው በአንድ ወረቀት ላይ ተሰደዱ።

ስደቱ ለደዣን ያልታሰበ በረከት ሆነ። በኦስትሪያ፣ በስታይሪያ፣ በክሮሺያና በዳልማሺያ እየተዘዋወረ ለቀመ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1821 ያሳተመው መዝገብ 6,692 ዝርያዎችን ዘረዘረ። በ1837 የተጠናቀቀው ደግሞ 22,399። በዘመኑ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የጢንዚዛ ስብስብ አልነበረም። እኛ አብዛኛውን ጊዜ «ጢንዚዛ» ብለን በአንድ ቃል ለምናልፈው ፍጥረት! በመካከሉም፣ በ1835፣ ከመዝገቡ ሁለተኛ እትም ቀሪው ቅጂ በእሳት ወደመ፤ ሰውየውም እንደገና አሳተመው።

በስሞች ጉዳይ ግን ከዘመኑ ጋር ተጣልቷል። ሳይንስ «ቀድሞ የታተመው ስም ይጽና» ወደሚለው ሕግ ሲያዘነብል፣ ደዣን «ሰው የለመደው ስም ይጽና፤ የቆመውን ማፍረስ ጉዳት ነው» ባይ ነበር። በ1842 በእንግሊዝ የወጣው የስያሜ ሕግ ቅድሚያን መረጠ፤ ደዣን ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ። በመዝገቡ ላይ ያለ መግለጫ ባዶአቸውን ካሰፈራቸው የዝርያ ስሞች እጅግ ብዙዎቹ ዋጋ አጡ፤ ሆኖም በመዝገቡ ያወጣቸው በርካታ የወገን ስሞች ዛሬም ይሠራሉ። እኔ በዚህ ክርክር ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ሕጉ ትክክል መሆኑን እያወቅሁም ቢሆን። ሲሠራባቸው የኖሩ ስሞች አንድ ማለዳ «ከእናንተ በፊት ሌላ ነበር» ተብለው ሲሻሩ ማየት ያሳዝናል።

ሕይወቱን ሙሉ ያጠራቀመውን በ1840 ገደማ በየወገኑ ከፋፍሎ ሸጠ። ምድር ለምድር እየሮጡ የሚያድኑት ጢንዚዛዎች፣ ከሥራው ሁሉ ይበልጥ የደከመባቸው፣ መጀመሪያ ለማርኪ ደ ላ ፌርቴ ሴኔክቴር፣ ከዚያ ለባሮን ሾድዋር፣ ከዚያም ሬን ከተማ ይኖር ለነበረው ለሬኔ ኦቤርቱር ተላለፉ። በ1952 ፓሪስ የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገዛቸው፤ በዚያም ከነመርፌያቸው ቆመዋል። የአልካኚሷ ጢንዚዛ ግን ከእነዚህ ወገን ስላልነበረች በዚህ ጉዞ ውስጥ የለችም።