የዓይን ፖም

እንግሊዞች እጅግ የሚወደደውን ነገር የሚጠሩባቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው። የሚያስመኘውን ሥራ «ፕለም» ይሉታል፤ ቀድሞ በኬክ ውስጥ የሚገባውን ዘቢብ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበርና። ከሰውም የተመረጡትን «ክሪም» ይሏቸዋል፤ ይኸውም በወተት ላይ የሚሰፍፈው ስልባቦት ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በ1920ዎቹ ዓመታት ግሩም የሆነውን ነገር «የንብ ጉልበት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኛ ግን ከንብ የምንመኘው ማሯን እንጂ ጉልበቷን አይደለም!

ከእነዚህ ቃላት አንዱ እኔን አሳፍሮኛል። ባለፈው ዓመት መምህራችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድተረጕም አዘዙኝ። እኔም «ልጁ ለእናቱ የዓይን ፖም ነው» ብዬ ባነብ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ቤት ገብቼ አኵርፌ ብቀመጥ፥ እናቴ «ምነው የዓይኔ ብሌን፥ ምን ሆንህ?» አለችኝ። ደንግጬ ቀረሁ፤ የጠፋብኝ ቃል ይኸው ነበር! በማግሥቱ መምህሬ እንዳስረዱኝ፥ የጥንት እንግሊዞች የዓይን ብሌን ድቡልቡል ስለ መሰላቸው «ፖም» ይሉት ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸውም ይህ አነጋገር ይገኛል።

እናቴ ፊደል አልቈጠረችም። ስለዚህ በጓደኞቼ ፊት ስትናገር አፍር ነበር። ዛሬ ግን ያን ማፈሬን አፍርበታለሁ፤ በመዝገበ ቃላት ያጣሁትን ከእርሷ አፍ አግኝቻለሁና።

ወዳጆቼ ሆይ፥ የባዕድ ቋንቋ መማራችን መልካም ነው። ነገር ግን የሰውን ዕንቍ ስንፈልግ በእጃችን ያለውን እንዳንጥል እንጠንቀቅ።