ለልጃችን የሱፍ ሱሪ ክር ፍለጋ



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ክር ነው። ገና ያላገባችሁ «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳታልፉት። የዛሬ ሁለት ዓመት «ስለ ሕፃን ሽንት ይህን ያህል ታወራላችሁ» ያለን ሰው ቢኖር እኛም እንስቅበት ነበር።

የምንኖረው ደሴ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሁለት ወር ሲሆናት ከዳይፐሩ ሥር ቆዳዋ ቀላ፣ ከዚያ ቆሰለ። የዳይፐር ዓይነት ቀየርን፣ ቅባት ቀየርን፣ ሌሊት እየተነሳን አናፈስናት። ኋላ ላይ ገና ሳንነካት፣ ልናወልቅላት እጃችንን ስንዘረጋ ብቻ ማልቀስ ጀመረች። ያስጨነቀን ይሄ ነው። አያቷ መጥተው አዩና «እናንተን በጨርቅ አይደል ያሳደግናችሁ?» ብለው አሮጌ አንሶላ ቀደው፣ አጣጥፈው ሰጡን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ።

ግን ጨርቅ ሽንት ይመጥጣል እንጂ አያቆምም። የያዛት ሰው ሁሉ ይረጥባል። ዉዱእ አድርጎ ለሶላት የተነሳ ሰው «እስቲ አንዴ ያዛት» ሲባል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸውን እያወቅን፣ እኛ ልጃችንን መስገጃ አጠገብ እንዳትደርስ እንከለክላት ጀመር። ከጨርቁ ላይ ላስቲክ ሱሪ አለበስናት። ሽንቱ ቆመ፣ ቅላቱ ተመለሰ።

ስዊድን የምትኖር አክስታችን ከጎረቤቶቿ ያየችውን ነግራን «ከጨርቁ ላይ የሱፍ ሱሪ አልብሷት» ያለችን በዚህ መሃል ነው። (ሱፍ ስንል የበጉን ጸጉር ነው፤ የፍትፍቱን ሱፍ አይደለም።) ሳቅን። ሹራብ እንዴት ሽንት ያቆማል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የበግ ጸጉር ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ እርጥበት ስቦ ውስጡ ይይዛል፤ ስትነኩት ግን እርጥብ አይመስልም። ከላዩ ደግሞ በጉ ከቆዳው የሚያወጣው ወዝ አለበት። ፋርማሲ ላኖሊን ብሎ ጡታቸው ለሚሰነጠቅ አጥቢ እናቶች የሚሸጠው ቅባት ይኸው ነው። ወዙ ውሃውን ይመልሳል፣ ጸጉሩ አምልጦ የመጣውን ይይዛል፣ አየር ደግሞ እንደልቡ ይወጣል ይገባል። ላስቲክ ሳይመጣ በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ እናቶችም ለልጆቻቸው የሱፍ ሱሪ ይሠሩ ነበር። ፓምፐርስ እንኳ ገበያ የወጣው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ የልጃችን አያት ይበልጡታል።

ከሁለታችን ኪሮሽ የምትችለው አንዷ ናት። ሌላው ክር ፈላጊ ሆነ።

የመጀመሪያውን ክር እዚሁ ከተማ ገዛን። ሻጩ «ሱፍ ነው» አለን፤ እሱም የተነገረውን ነው የነገረን። ሱሪዋ ተሠርታ አለቀች፣ ማሻአላህ ታምር ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ፍራሹ ሳይቀር ራሰ። ጠዋት ከክሩ ቆርጠን በክብሪት ለኮስነው። ቀለጠና ጥቁር ዶቃ ሆኖ ደረቀ። ለካ አክሪሊክ ነው፣ ፕላስቲክ! እውነተኛ ሱፍ ሲቃጠል እንደ ሰው ጸጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ስታርቁት ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ሌላም መንገድ አለ፦ ትንሽ ክር ቆርጣችሁ በረኪና ውስጥ ንከሩ። ሱፍ ከሆነ ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ አክሪሊክ ግን እንዳለ ይቀመጣል። (ሱፍ ልብስ በበረኪና የማይታጠበው ለዚህ ነው።) ከዚያ ወዲህ ክር ቤት የምንገባው ክብሪት ይዘን ነው፤ ባለሱቆቹም ለምደውናል።

አክስታችን በሰው ሁለት ልቃቂት ላከችልን። አንደኛው ላይ «በማሽን ይታጠባል» የሚል አለበት። ደስ አለን። ደስታችን አልቆየም። የሱፍ ጸጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅርፊቶች አሉት። በሙቅ ውሃ ሲታሽ እርስ በርስ ይነካከሱና ልብሱ ይኮማተራል። በማሽን የሚታጠበው ክር እንዲህ እንዳይሆን ቅርፊቱ በክሎሪን ተበልቶ በላዩ ስስ ፕላስቲክ ይቀባል። ለሹራብ ደህና ነው። ለኛ ግን ወዙን አልይዝ አለ፣ ሱሪዋም ስትረጥብ ተለጥጣ ጉልበቷ ላይ ደረሰች።

ሁለተኛው ሜሪኖ ነበር፣ በአንድ ክር ብቻ ላላ ተደርጎ የተፈተለ። ልስላሴው እንዴት ብለን እንንገራችሁ፣ ጉንጫችን ላይ አድርገነው ነበር የምናወራው። የሜሪኖ ጸጉር ውፍረቱ ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ሱፍ ቆዳ የሚወጋው 30 ማይክሮን አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ደግሞም ሠራ! ሽንቱ ቆመ፣ ቆዳዋ አልቀላም። አክስታችን «አትጠቡት፣ አናፍሱት ብቻ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ታጥቡታላችሁ» አለችን። እንዳለችው አደረግን። እውነትም አይሸትም።

አንድ ቀን ዐስር ሊሰገድ ሲል ልጅቷ መስገጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ተያየን። ሱሪዋ ደርቋል፣ አይሸትም። ግን ንጹህ ነው? ኡስታዛችንን ጠየቅን። ሽታው ቢሄድም ነጃሳው ውሃ እስኪፈስበት አለ አሉን። ልብስ በነፋስና በፀሐይ ጦሃራ አይሆንም። አፈሳሰሱንም አሳዩን፦ ሱሪዋን ባዶ ሳፋ ውስጥ አድርጎ ከላይ በጆግ ማፍሰስ፣ መጫን፣ መድፋት፣ መድገም። እሷን ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ከመንከር ውሃው በላይዋ እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል አሉ። (ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ሽንት ላይ መርጨት ይበቃል የሚሉ ዑለማዎች አሉ፤ የኛ ግን ሴት ናት። ወንድ ልጅ ያላችሁ የራሳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።)

እንግዲህ ሱሪዋ በየሦስት ሳምንቱ መታጠቧ ቀርቶ በየቀኑ ሆነ። ሜሪኖው ይህን አልቻለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጭኗ መሃል ኳስ ኳስ ሠራ፣ ከዚያ ሳሳ። በመጨረሻም በደሴ ብርድ እጁ የቀዘቀዘበት አንዳችን (ማን እንደሆነ አንናገርም) ሞቅ ያለ ውሃ ጨምሮ አሸው። ሱሪዋ ለአሻንጉሊት የምትሆን ሆና ወጣች።

እስከዚያ ድረስ «የትኛው ነው ለስላሳ?» እያልን ነበር የምንመርጠው። ምክሩ የመጣው ሱፍ በየቀኑ ከማይታጠብበት ቤት መሆኑን ልብ አላልንም። የኛ ቤት ክር በየቀኑ ውሃ የሚችል መሆን አለበት።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንዳችን ደብረ ብርሃን ወረደ። እዚያ በእንዝርት ሱፍ የሚፈትሉ አንዲት እናት አገኘ፤ ለምንጣፍ የሚሸጡት የመንዝ በግ ጸጉር ነው። ባናና በርኖስ የሚሠራበት ያው ጸጉር ማለት ነው። ክብሪቱን ሲያወጣ ሳቁበት። ሁለት ነገር ጠየቃቸው። አንደኛ፣ ሁለት ክር አብረው ጠበቅ አድርገው እንዲገምዱለት፤ ነጠላ ክር ቶሎ ይበላላ። ሁለተኛ፣ ጸጉሩ ከቆመ በግ የተሸለተ ነው ወይስ ከሞተ? ከቆመ በግ የተሸለተ ንጹህ መሆኑ አያከራክርም። የሞተው ጸጉር ላይ ግን ልዩነት አለ፤ ሻፊዒዮች ነጃሳ ነው ሲሉ ሌሎቹ ንጹህ ነው ይላሉ። «ከሞተ በግማ ማን ይሸልታል!» አሉት። ተገላገልን።

ክሩ ቤት ሲገባ ቤቱ በግ በግ ሸተተ። ወዙ ገና አልወጣም ነበር፣ እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነው። አቧራውና ጭቃው እንዲለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሳናሽ ዘፈዘፍነው። ከዚያ አንገታችን ላይ ጠምጥመን ለአንድ ሰዓት ተቀመጥን። አሳከከን፣ ቀላን። ይህን ለልጅ ቆዳ? በዚህ ጉዳይ ሁለት ቀን ተከራከርን። መፍትሔው ያለው ሱሪዋ ቆዳዋን የምትነካበት ቦታ ላይ ነበር፦ ወገቧና የእግሮቿ ጫፍ። ሌላው ሁሉ ጨርቁ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጫፎቹን በተረፈው ሜሪኖ፣ አካሉን በመንዙ ክር፣ በትንሽ ኪሮሽ ቀዳዳ እንዳይኖረው ጥብቅ አድርገን ሠራን። ለስድስት ወር ሕፃን 100 ግራም ያህል ክር በላ።

አራት ወር ሆነው። አልሳሳም፣ ኳስ አልሠራም። ወፍራም ጸጉር እንደ ሜሪኖ ቶሎ አይኮማተርም። ባዶ ቀዝቃዛ ውሃ ነጃሳውን ያነሳል፣ ወዙን ግን አይወስድም፤ ወዝ የሚያነሳው ሳሙና ነውና። ሰገራ ሲነካው ብቻ ለስላሳ ሳሙና እንጠቀማለን፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና በጭራሽ። ወዝ ያለበት ሱፍ መጀመሪያ ላይ ውሃውን አንጠባጥቦ ይመልሳል፤ እስኪጠጣ ድረስ በመዳፍ መጫን ነው። አትጠምዝዙት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫኑት፣ በጥላ አንጥፉት። ውሃ ማሳለፍ ሲጀምር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ላኖሊን ከአንድ ጠብታ ሳሙና ጋር በፈላ ውሃ አሟሙተን፣ ለብ ሲል ሱሪዋን ነክረን እናሳድራለን።

ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። በክረምት አንዷ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጅባታል፤ ሦስት ሱሪ ከሌለ አይሆንም። ሁለት አሉን። ሦስተኛዋ ተጀምራ 40 ግራም ያህል ክር ጎድሏት ቆማለች። በዚህ ሳምንት በደብረ ብርሃን የሚያልፍ ወንድም ወይም እህት ካለ ኢንቦክስ ያናግረን።